የማይለቅ የሆድ ሕመምና የበሽታ ሥጋት፤ በማዮና ከማዮ በኋላ

ከካርቱም መሀል በስተደቡብ የሚገኘው ማዮ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር በጦርነትና በድርቅ የተፈናቀሉ ሰዎች የሰፈሩበት፣ ኋላም የዕለት እንጀራ ፍለጋ የመጡ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች የተጨመሩበት ሰፊ የጭቃ ቤቶች ሠፈር ነው። የመጠጥ ውኃ ሱዳኖች ካሮ በሚሉት፣ አህያ በሚጎትተው የበርሜል ጋሪ እየተዞረ የሚሸጥበትና የመጸዳጃ ጉድጓድ ከማድቤት የሚጎራበትበት ስፍራ በመሆኑ፣ የሆድ ሕመም በማዮ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። የዚህ ዝግጅት ርእሰ ጉዳይ ግን በሁለት ሦስት ቀን የሚያልፈው ተቅማጥ ሳይሆን፣ አንዴ ቃር፣ አንዴ ቁርጠት፣ አንዴ መነፋት እየሆነ ወራትና ዓመታት የሚመላለሰው፣ መድኃኒት ሲወሰድ ጋብ ብሎ ሲቋረጥ የሚያገረሸው ሕመም፣ እንዲሁም እሱን ተከትሎ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው «ካንሰር ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ነው። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥጋት ያደረበትን ሕመምተኛ «ሐሳብ አብዝተህ ነው» ብሎ መሸኘት በሕክምና ረገድ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም በሱዳን ሆድን ለረጅም ጊዜ የሚያሳምሙ እውነተኛ በሽታዎች አሉ። ከኢትዮጵያ በመተማና በገላባት በኩል ተሻግሮ በገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ላይ የሠራ ሰው ከሁለት ሳምንት የበለጠ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና ከግራ ጎድኑ በታች የሚዳሰስ እብጠት ከታየበት፣ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውና ሳይታከም ከቀረ የሚገድለው ካላዛር ነው። በገዚራ የመስኖ ቦዮች ውስጥ የቆመ፣ የታጠበ ወይም የሠራ ሰው ደግሞ ቢልሃርዚያ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ጥገኛ ትል እንቁላሉን በአንጀትና በጉበት ውስጥ እየጣለ፣ ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድርንና ከዓመታት በኋላ የጉበትን መጠንከር የሚያስከትል ሲሆን፣ ፕራዚኳንቴል በተባለው መድኃኒት በአንድ ቀን ሊታከም የሚችል ነው። ጃርዲያም ቅባት የመሰለ፣ የሚሸት ተቅማጥንና መነፋትን ለሳምንታት ሊያቆይ ይችላል። ከእነዚህ ውጪ ዕድሜ ሳይለይ ሐኪም ዘንድ በአስቸኳይ የሚያስኬዱት ምልክቶች ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር፣ ምግብ ሲዋጥ መተናነቅ፣ ሳይፈልጉ መክሳት፣ የደም ማነስና ከእንቅልፍ የሚያባንን ሕመም ሲሆኑ፣ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ ሰው አዲስ የሆድ ሕመም ሲጀምረውም እንደዚሁ መታየት አለበት።

እነዚህ ሁሉ ተመርምረው ካልተገኙ በኋላ የሚቀረው ሕዝብ ግን ብዙ ነው። በ2021 ይፋ በሆነ፣ ሠላሳ ሦስት አገሮችንና ከሰባ ሺህ በላይ ሰዎችን ባካተተ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተጠየቁት መካከል ከመቶው ከአርባ የሚበልጡት፣ በምርመራ ቁስልም ሆነ እብጠት የማይገኝለት የምግብ መፍጫ አካል መታወክ ነበረባቸው። ሐኪሞች ይህንን የአንጀትና የአንጎል መስተጋብር መታወክ ይሉታል፤ ትርጉሙም የአካሉ ቅርጽ ጤናማ ሆኖ ሳለ የእንቅስቃሴው፣ የስሜቱና ከአንጎል ጋር የሚለዋወጠው መልእክት ሥርዓት ተዛብቷል ማለት ነው። በካርቱም ሕሙማኑ ራሳቸው በአጭሩ «ቆሎን» ሲሉት፣ በኢትዮጵያ ሁሉም ነገር «ጨጓራ» በሚለው አንድ ስም ይጠቃለላል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የጠፋው ቁስሉ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚወሳሰበው በላቦራቶሪው በር ላይ ነው። በማዮም ሆነ በአዲስ አበባ ለዓመታት የታመመ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ፣ በአንድ ፌስታል የታጨቁ፣ ጠርዛቸው የተበላና ማኅተማቸው የደበዘዘ የምርመራ ወረቀቶችን ይዞ የሚመጣ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ላይ ሦስት ነገሮች ተደጋግመው ይነበባሉ፤ ታይፎይድ፣ አሜባና ኤች ፓይሎሪ። ሦስቱም የሚያሳምሙ እውነተኛ ተሕዋስያን ያሏቸው ቢሆንም፣ በተለመደው መንገድ ሲመረመሩ ግን ከሚናገሩት እውነት ይልቅ የሚያሳስቱት ሊበዛ ይችላል።

በደም የሚሠራው የታይፎይድ ምርመራ በ1896 በፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል ስም የተሰየመ ሲሆን፣ የሚለካውም ተሕዋሱን ሳይሆን ሰውነት በአንድ ወቅት ያመረተውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ነው። ታይፎይድ በሚዘወተርበት አገር በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ይኸው ንጥረ ነገር በተወሰነ መጠን ስለሚገኝ፣ በወረቀቱ ላይ «1/160» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ትኩሳት በሌለው ሰው ላይ ምንም ላያመለክት ይችላል። ታይፎይድ በመሠረቱ ትኩሳት ያለበት በሽታ እንጂ ለዓመት የሚቆይ የሆድ መነፋት አይደለም። የአሜባው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ የማይለዩ ሁለት ዝርያዎች አሉ፤ አንደኛው አንጀትን የሚያቆስል፣ ሁለተኛው ግን ምንም ጉዳት ሳያደርስ በአንጀት ውስጥ የሚኖር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1997 የሁለቱን ልዩነት በይፋ ከተቀበለ ወዲህ፣ የሕመም ምልክት በሌለበት፣ በዓይነ ምድር ውስጥ በታየ አሜባ ብቻ መድኃኒት መስጠት ተገቢ እንዳልሆነ ታውቋል። ሆኖም ያው ወረቀት ዛሬም በየሠፈሩ እየተጻፈ፣ ያው ሜትሮኒዳዞል በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ይታዘዛል፤ መድኃኒቱ ራሱ ማቅለሽለሽንና አፍ ውስጥ የብረት ጣዕምን የሚያመጣ በመሆኑ፣ ሕመምተኛው የመድኃኒቱን ጉዳት አዲስ የበሽታ ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ኤች ፓይሎሪ በ1982 በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ በሮቢን ዋረንና በባሪ ማርሻል ተለይቶ የታወቀ፣ በሱዳን ገበያ «የጨጓራ ጀርም» የሚል ስም ያተረፈ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ጠጥቶ ጨጓራው መቆጣቱን በራሱ ላይ ማሳየቱና ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2005 የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸው ይታወቃል። የቁስልና የአንዳንድ የጨጓራ ካንሰር መነሻ መሆኑ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ሲገኝ በአግባቡ መታከሙ ተገቢ ነው። ነገር ግን በደም የሚሠራው ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» እያለ ሊቀጥል ይችላል፤ በመሆኑም መዳንን ለማወቅ የዓይነ ምድር አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ፣ ያውም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላና የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከቆመ ሁለት ሳምንት ሲሞላው መደረግ አለበት። ይህንን ያልተነገረው ሰው የደም ምርመራውን በየስድስት ወሩ እያሠራ፣ በየጊዜውም አዎንታዊ ውጤት እየተቀበለ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ይውጣል። ባክቴሪያው በትክክል ጠፍቶም ቢሆን የብዙዎቹ የሆድ ሕመም እንደማይለቅ የማይነገራቸው መሆኑ፣ ሕክምናው «አልሠራም» በሚለው ተስፋ መቁረጥ ላይ ሌላ ፍርሃት ይጨምራል።

ከተሕዋሱ ይልቅ ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ በወረቀት ላይ የማይታይ ሌላ ነገርም አለ። የሸክም፣ የግንባታና የቤት ሠራተኛ ለወገብና ለራስ ምታት በየፋርማሲው የሚገዛው ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን የጨጓራን መከላከያ ሽፋን የሚያሳሱ ሲሆኑ፣ የመርፌው ዓይነትም ከኪኒኑ የተሻለ አይደለም። ሐኪም «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲል ብዙ ሰው እነዚህን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥራቸው «አልወስድም» ይላል፤ ስለዚህ ጥያቄው በስማቸው ቢጠየቅ ይሻላል።

አንጀትና አንጎል እንዴት እንደሚነጋገሩ ለማስረዳት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ይጠቅማል። በ1822 በሰሜን አሜሪካ ማኪናክ ደሴት አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ የጸጉር ንግድ ሠራተኛ በአጋጣሚ በጥይት ተመትቶ ሲድን፣ የሆዱ ቁስል ሳይገጥም ወደ ጨጓራው የሚያሳይ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ፤ የጦር ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት በዚያ ቀዳዳ ለዓመታት ሲመለከት፣ ሰውየው ሲቆጣ ወይም ሲፈራ የጨጓራው ሽፋን ቀለሙና እርጥበቱ እንደሚለዋወጥና የምግብ መፍጨቱ ሥራ እንደሚታወክ አስተውሎ በ1833 ባሳተመው መጽሐፍ መዘገበ። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ የአንጀት ግድግዳ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የራሱ የነርቭ ሕዋሳት ያሉት ሲሆን፣ ቬገስ ከተባለውና አንጎልን ከሆድ ዕቃ ጋር ከሚያገናኘው ነርቭ ጭረቶች ውስጥ አብዛኞቹ መልእክት የሚወስዱት ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከሆድ ወደ አንጎል ነው። ስለዚህም ሥጋት ሆድን የሚያውከውን ያህል የታወከ ሆድም ሥጋትን ይወልዳል፤ የትኛው እንደቀደመ መከራከር ደግሞ ሕመምተኛውን ምንም አይጠቅመውም።

ለማዮ ሰው በተለይ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ ከባድ የአንጀት ተላላፊ በሽታ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ሕመም ነው። በግንቦት 2000 በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ የቧንቧ ውኃ በከብት እበት ባክቴሪያ ተበክሎ ሰባት ሰዎች ሲሞቱ ከሁለት ሺህ በላይ ታመሙ፤ ተመራማሪዎች ሕሙማኑን ለዓመታት ሲከታተሉ፣ ባክቴሪያው ከሰውነታቸው ከወጣ ረጅም ጊዜ ቢሆነውም ብዙዎቹ ቁርጠትና የተዛባ ዓይነ ምድር እንዳልለቀቃቸው አረጋገጡ። ሌሎች ጥናቶች ተደምረው ሲታዩም፣ አጣዳፊ የአንጀት ሕመም ከያዛቸው ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ገደማ ወደዚህ ዓይነት የቆየ ሕመም እንደሚያመራና በታመመበት ጊዜ በሥጋት ውስጥ የነበረ ሰው ዕድሉ ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ ያሳያሉ። በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ኮሌራ ደጋግሞ ሲከሰት፣ በ2025 ጸደይ ደግሞ የመብራትና የውኃ ጣቢያዎች ሲመቱ በካርቱም በእጅጉ መዛመቱ ሲታሰብ፣ ከዚያ ያመለጡት ሰዎች ሆድ ለረጅም ጊዜ ቢታወክ ሊያስገርም አይገባም። ውኃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ በድንገት የጀመረው ሰው ግን ይህ ዝግጅት የሚመለከተው አይደለም፤ ለእሱ የሚያስፈልገው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ውሕድና ፈጣን ሕክምና ነው።

የበሽታ ሥጋት የሚባለው፣ ሰው አንድ ከባድ በሽታ አለብኝ በሚል ፍርሃት ተይዞ፣ ተመርምሮ ነፃ ከተባለ በኋላም ሰላም የማያገኝበት፣ ሕይወቱም በዚያ ዙሪያ የሚሽከረከርበት ሁኔታ ነው። አሠራሩ እንደ ብድር ወለድ ነው፤ ሰውየው ሆዱን ሲዳብስ፣ ዓይነ ምድሩን ሲመረምር፣ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ እንደጠበቀ ሲለካ፣ በስልኩ ላይ ምልክቶቹን ሲፈልግና ጓደኛውን «ከስቻለሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ለጥቂት ሰዓታት ይቀልለዋል፣ በማግሥቱ ግን ያው ፍርሃት ተጨማሪ ማረጋገጫ እየጠየቀ ይመለሳል። በተዳበሰ ቁጥር ሆዱ ይታመማል፣ በታመመም ቁጥር ለፍርሃቱ ማስረጃ ይሆናል። ምርመራን መደጋገምም የዚሁ ዑደት ክፍል ነው፤ ከላይ እንደተገለጸው ምርመራው ራሱ የሚያሳስት በሚሆንበት ቦታ ደግሞ ፈተናው እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም አንድ ጊዜ በደንብ መመርመር፣ ሁለተኛውን ደግሞ አዲስ ምልክት እስኪመጣ ማቆየት ከየትኛውም ኪኒን የማይተናነስ ሕክምና ነው።

ይህ ዑደት ሊሰበር እንደሚችል የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ አለ። በእንግሊዝ በልብ፣ በነርቭ፣ በሆድ ዕቃና በሌሎች የሆስፒታል ክሊኒኮች ተመላላሽ ከነበሩ ሰዎች መካከል በበሽታ ሥጋት የሚጨነቁ 444 ሰዎች ተመርጠው፣ ከፊሎቹ ሥልጠና ከወሰዱ ነርሶችና ባለሙያዎች ጋር ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ ያህል ሐሳብንና ልማድን የመለወጥ የንግግር ሕክምና ሲያደርጉ፣ ከተለመደው ሕክምና ይልቅ ሥጋታቸው በጉልህ ቀንሶ ለዓመታት እንደቆየ ላንሴት የተባለው መጽሔት በ2014 አስነብቧል። በዚህ ሕክምና ውስጥ የሚደረገው ነገር ረቂቅ አይደለም፤ ሕመምተኛው በቀን ስንት ጊዜ ሆዱን እንደሚዳብስ ይጽፋል፣ ከዚያ ቁጥሩን በየሳምንቱ ይቀንሳል፣ የመጣው ፍርሃት ማረጋገጫ ሳይሰጠው በራሱ ሲበርድ ደጋግሞ ያያል። ባለሙያ በሌለበትም ይህንኑ በትዕግሥት መሞከር ይቻላል።

በሱዳን የአእምሮ ሕክምና አባት የሚባለው ዶክተር ቲጃኒ አል ማሒ በ1950 በሰሜን ካርቱም የነርቭ ሕሙማን ክሊኒክ ሲከፍት፣ ሕሙማኑ አስቀድመው የሚሄዱባቸውን የሃይማኖትና የባህል ሐኪሞች ከመናቅ ይልቅ አሠራራቸውን አጥንቶ አብሯቸው መሥራትን መርጧል፤ ለዛር ሥርዓትም ልዩ ትኩረት ሰጥቶ ነበር። ዛር በኢትዮጵያም በሱዳንም የሚታወቅ በመሆኑ የእሱ ጥበብ ለሁለቱም ይበጃል። ጸበል የሚጠመቅ ወይም ሱዳኖች ለቁርጠት የሚያፈሉትን ሐርጀል የሚጠጣ ሰው ከልማዱ እንዲላቀቅ ማስገደድ ሐኪሙን እንጂ ልማዱን አያስተውም፤ ጎጂ የሚሆነው የጀመረውን የካላዛር ወይም የቲቢ መድኃኒት እንዲያቋርጥ ሲነገረው ነው።

በምግብ ረገድ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። ባቄላ፣ ሽሮ፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በቀጭኑ አንጀት የማይመጠጡ፣ በወፍራሙ አንጀት ውስጥ ግን በባክቴሪያ እየተብላሉ ጋዝ የሚያመርቱ የስኳር ዓይነቶች ስላሏቸው፣ ጠዋት ፉል፣ ማታ ሽሮ በቁሌት የሚበላ ሰው ቢነፋ የሚጠበቅ ነው። ይሁንና ሁሉን በአንድ ጊዜ መተው ሰውነትን ከማክሳቱም በላይ «ከሳሁ» የሚለውን ፍርሃት ያጠናክራል። የሚሻለው አንዱን ብቻ ለሁለት ሳምንት ቀንሶ ማየት፣ ለውጥ ከሌለ መልሶ መብላትና ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። በጾም ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ማታ በአንድ ጊዜ ሲሞላ ቃር መነሣቱም የታወቀ ሲሆን፣ መፍትሔው ከፋፍሎ መብላትና ወዲያው አለመተኛት ነው።

ኦሜፕራዞል ብዙ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚውጠው መድኃኒት ነው። በዴንማርክ ምንም የሆድ ሕመም ከሌለባቸው 120 ጤነኛ ሰዎች ከፊሎቹ የዚሁ ወገን የሆነውን መድኃኒት ለስምንት ሳምንት ወስደው ሲያቆሙ፣ ከመቶ አርባ አራቱ ቃርና መሰል ምልክቶች ታይተውባቸዋል፤ የማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱት ግን አሥራ አምስት በመቶ ብቻ ናቸው። እንግዲህ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው ማቃጠል የበሽታው መባባስ ሳይሆን ታፍኖ የቆየው አሲድ መመለስ ስለሚሆን፣ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስና ጥቂት ሳምንታት መታገሥ ያስፈልጋል። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ በተቃራኒው ከሚገባው በታች የሚሠራበት ርካሽ መድኃኒት ነው። በ2023 በእንግሊዝ በ463 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቀን ከአሥር እስከ ሠላሳ ሚሊግራም የሆነው አነስተኛ መጠን የአንጀት መታወክን ከማስመሰያ ኪኒን በተሻለ እንደሚያስታግስ አሳይቷል። ሕመምተኞች በማሸጊያው ላይ የድብርት መድኃኒት መሆኑን ሲያነቡ «አበድኩ ወይ?» ብለው ይተዉታል፤ በዚህ መጠን የሚሰጠው ግን ከሆድ ወደ አንጎል የሚሄደውን የሕመም መልእክት እንዲያዳክም ነው። የልብ ሕመም ላለበት ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ሳያዝዘው አይወሰድም።

ከጦርነቱ በፊት በካርቱም የሆድ ዕቃ ሕመምን በልዩነት የሚያክመው ኢብን ሲና ሆስፒታል ነበር፤ ለደቡብ ካርቱም ሰዎች ደግሞ ከጦርነቱ ወዲህ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ይደግፉት የነበረው የበሻይር ሆስፒታል ዋና መጠጊያ ሆኖ ሲያገለግል ከቆየ በኋላ፣ ታጣቂዎች በተደጋጋሚ እየገቡ ሠራተኞችንና ሕሙማንን በማስፈራራታቸው ድርጅቱ በጥር 2025 ሥራውን አቋረጠ። ብዙዎችም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገሩ ያ የምርመራ ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል ከቤታቸው ጋር ቀርቷል። እንዲህ ያለው ሰው አዲስ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ሁሉንም ምርመራ እንደገና ከመጀመር ይልቅ በአንድ ገጽ ላይ፣ በራሱ ወይም በሚጽፍለት ሰው እጅ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜና ከዚያ በፊት የያዘውን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት፣ በገዳሪፍ ወይም በገዚራ መሥራት አለመሥራቱን፣ የኤች ፓይሎሪ ምርመራው በደም ይሁን በዓይነ ምድር መደረጉን፣ የወሰዳቸውን አንቲባዮቲኮች ስምና የቀኑን ብዛት፣ የሕመም ማስታገሻዎቹን፣ እንዲሁም ከዓመት በፊትና አሁን ያለውን ክብደት አስፍሮ ቢይዝ፣ ሐኪሙ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚያስፈልገውን አንድ ምርመራ ከማያስፈልጉት አምስት ለይቶ ማዘዝ ይችላል።